ስለ ቅጥያ ቤት አሠራርና ስለ ወጪው አገማመት

ከጐንደር ደጋ ወርዶ በመተማ ዮሐንስ በኩል ገላባትን፥ ዶካንና ገዳሪፍን የሚያገናኘው መንገድ ከጥንት ጀምሮ የነጋዴና የመንገደኛ መተላለፊያ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። በዚህ መንገድ ዳር የሚኖር ሰው ቤቱ ከእንግዳ ተለይቶ አያውቅም። በ1977 ዓ.ም. በአገራችን በደረሰው ረኃብ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ተሰድዶ በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባ ሰፍሮ ነበር። በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. ያው ሰፈር ከሰሜኑ ጦርነት ለሸሹ ሰዎች ዳግመኛ ተከፈተ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ደግሞ ጉዞው ተገልብጦ፥ ሱዳናውያንና በሱዳን ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን በገላባት በኩል ወደ መተማ ገቡ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ጦርነቱ ወድ መደኒ ሲደርስም ገዳሪፍ ከምዕራብ የመጡ ብዙ ተፈናቃዮችን ተቀበለች።

ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ በድንኳን ሲሰፍሩ፥ ሌሎቹ ወደ ዘመድ፥ ወደ ወዳጅና ወደ ቀድሞ ጐረቤት ቤት ገብተዋል። በመጀመሪያው ሳምንት በበረንዳው ላይ ምንጣፍ ይነጠፍላቸዋል፤ ወር ሲያልፍ ልጆቹ ከልጆች ጋር፥ እናቶቹ ከእናቶች ጋር ተጨናንቀው ያድራሉ፤ የክረምቱ ደመና ሲታይ ግን የቤቱ ባለቤት «ከቤቴ ጎን አንድ ክፍል ልቀጥል» ብሎ ያስባል። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ሳይለካና ሳይቈጠር የተጀመረ እንደ ሆነ እንግዳውን ሳያሳርፍ የባለቤቱን ቤት ጭምር ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ በድንበሩ በወዲህም በወዲያም ለሚኖሩ የከተማ ሰዎችና ለሹማምንቱ ይጠቅም ዘንድ ይህ ማብራሪያ ተጽፏል።

በከተሞቻችን በጓሮ በኩል ለብቻው የሚሠራው ትንሽ ቤት «ሰርቪስ» ይባላል። እዚህ ቅጥያ ቤት የምንለው ግን ከዋናው ቤት ግድግዳ ጎን የሚሠራውን፥ የራሱ በርና የራሱ ማብሰያ ሥፍራ፥ ቢቻልም የራሱ መታጠቢያ ያለውን መኖሪያ ነው። የምንሰጠውም ዋና ምክር አንድ ነው፤ ይኸውም የጣራው ገንዘብ በእጅ ሳይገባ ግድግዳ አይጀመር የሚል ነው። የዚህንም ምክንያት አፈሩ፥ ዝናሙና ገበያው እያንዳንዳቸው ያስረዱናል።

1ኛ፤ ቤቱ ለማንና ለምን ያህል ጊዜ ነው?

ባለቤቱ ግንበኛ ከመጥራቱ አስቀድሞ ከቤተ ሰቡ ጋር ተቀምጦ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይገባዋል። በቅጥያው የሚኖሩት ስንት ሰዎች ናቸው? የሚቈዩት ለአንድ ክረምት ነው ወይስ ለብዙ ዓመት? እነርሱ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ክፍሉ ለምን ይውላል?

ስለ ስፋቱ፥ ዓለም አቀፍ የርዳታ ድርጅቶች ለመጠለያ የሚሠሩበት ዝቅተኛ ልክ ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር ነው፤ ይህም ማብሰያንና መታጠቢያን አይጨምርም። በዚህ ልክ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ክፍል 16 ካሬ ሜትር ስለሚሆን ለአራት ሰዎች ይበቃል። ስድስት ሰዎች የሚገቡበት ከሆነ 21 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። ከዚህ አሳንሶ መሥራት ወጪ የቀነሰ ይመስላል፤ ነገር ግን ከአንድ ዓመት በኋላ ሌላ ቅጥያ በቅጥያው ላይ ያስከትላል።

የቈይታው ጊዜ የአሠራሩን ዓይነት ይወስናል። ለአንድ ወይም ለሁለት ክረምት ብቻ የታሰበ ክፍል ከእንጨት፥ ከጭቃና ከቆርቆሮ ሊሠራ ይችላል። በኋላ ለኪራይ ወይም ለሚያገባ ልጅ የታሰበ እንደ ሆነ ግን በብሎኬት ወይም በጡብ መሥራቱ ይሻላል። ይህ አካባቢ የሰሊጥና የማሽላ አገር ነው፤ በገዳሪፍ ዙሪያ በመኪና የሚታረሰው የእርሻ ሥራ ከ1937 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሲስፋፋ የቈየ ስለ ሆነ፥ በአረምና በአጨዳ ጊዜ ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ ማደሪያ ይፈልጋል። መምህሩም፥ የጤና ባለሙያውም፥ የጉምሩክ ሠራተኛውም እንዲሁ። ስለዚህ ዛሬ ለዘመድ የተሠራ ክፍል ነገ የገቢ ምንጭ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ከብልኅነት ይቈጠራል።

የበሩም አቅጣጫ እንደ ቀላል ነገር መታየት የለበትም። በገዳሪፍ ቤቶች ግቢው፥ በእነርሱ አጠራር ሆሹ፥ የወንዶች መቀበያና የሴቶች መዋያ ተብሎ ይለያል። በእኛም ዘንድ አማት፥ ምራትና እንግዳ በአንድ በር ሲተላለፉ መሳቀቅ አይቀርም። ቅጥያው የራሱ በር ቢኖረው፥ መስኮቱም ወደ ባለቤቱ መኝታ ክፍል ባይመለከት፥ እንግዳው ያለ ሐፍረት፥ ባለቤቱም ያለ ማጉረምረም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

2ኛ፤ ስለ አፈሩ

ከመተማ ቆላ እስከ ገዳሪፍ ሜዳ ድረስ የተዘረጋው መሬት አብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። ከዚህ አፈር ከግማሽ የሚበልጠው ሸክላ ስለ ሆነ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል። በበጋ በእርሻ ውስጥ የምናየው፥ የሰው እጅ የሚያስገባና ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር የሚያልፍ ስንጥቅ የሚመጣው ከዚሁ ነው። ማሽላውን የሚያበቅለው ይኸው የአፈር ጠባይ ግድግዳን ይሰነጥቃል፤ በክረምት መሠረቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በበጋ ደግሞ ከሥሩ ይሸሸዋል።

የቀድሞ ሰዎች ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። በገዳሪፍ ገጠር ጉጢያ የሚባለው፥ በእኛም ጎጆ የምንለው ክብ የእንጨትና የሣር ቤት በዚህ አፈር ላይ ለብዙ ትውልድ ያገለገለው ቀላልና ተለማጭ ስለ ሆነ ነው፤ መሬቱ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል። የብሎኬት ግድግዳ ግን ግትር ነውና ወይ በጠንካራ መሠረት መቆም አለበት፥ ወይም መሰንጠቁ አይቀርም።

ቅጥያ ቤት ከሌላው ቤት ይልቅ የሚጐዳበት ልዩ ምክንያት አለ። አሮጌው ቤት ብዙ ክረምት ስላለፈበት በሥሩ ያለው አፈር በክብደቱ ተጠቅጥቋል፥ ርጥበቱም ከሞላ ጐደል ረግቷል። አዲሱ ክፍል ግን ገና ይሰጥማል፥ ገናም ይነሣል። ሁለቱ ግድግዳዎች በሲሚንቶ ተጣብቀው እንደ አንድ ከተሠሩ፥ አዲሱ ሲንቀሳቀስ አሮጌውን ይጐትተዋል፤ ስንጥቁም ደኅና በነበረው ቤት ላይ ይወጣል። ስለዚህ የሚከተለው ሊጠበቅ ይገባል።

ሀ) አዲሱ ክፍል አራቱም ግድግዳ የራሱ ይሁን። ከአሮጌው ግድግዳ ጋር አይጣበቅ፤ በመካከላቸው ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተው። ክፍተቱም ከላይ በአንድ ወገን ብቻ በተመታ የቆርቆሮ ቅጠል ይሸፈን።

ለ) መሠረቱ በደረቅ ወራት ይቈፈር። በአሮጌው ቤት አጠገብ ያለው ቦይ በአንድ ጊዜ አይከፈት፤ ጥቂት ሜትር ተቈፍሮ ከተሞላ በኋላ ቀጣዩ ይቈፈር። ከአሮጌው መሠረት ሥር ዝቅ ብሎ መቈፈር ቤቱን በገዛ እጅ ማፍረስ ነው።

ሐ) የወጣው ጥቁር አፈር ወደ ቦዩም ሆነ ወደ ወለሉ ሥር አይመለስ። በእርሱ ፈንታ ገረጋንቲ በስስ በስሱ ተነጥፎ ይጠቅጠቅ።

መ) ጥቁር አፈሩ ጥልቅ በሆነበት ቦታ፥ ይልቁንም በገዳሪፍ ሜዳ፥ በቁፋሮ ድንጋይ ላይ መድረስ ስለማይቻል በመሠረቱ ላይ በፌሮና በኮንክሪት የተሠራ ዙሪያ ማሠሪያ ያስፈልጋል። ይህን አንድ የሕንፃ ባለሙያ አይቶ ቢወስን መልካም ነው፤ ለምክሩ የሚከፈለው ዋጋ ከአንድ ስንጥቅ ጥገና አይበልጥም።

ሠ) ለማሠሪያው ገንዘብ የማይበቃ እንደ ሆነ የብሎኬቱ አሳብ ለጊዜው ቀርቶ ክፍሉ በእንጨትና በጭቃ ይሠራ። በደካማ መሠረት ላይ ከቆመ ብሎኬት ይልቅ በሚገባ የተመረገ የጭቃ ግድግዳ ብዙ ዕድሜ ይኖረዋል።

3ኛ፤ ስለ ውኃው

በዚህ አገር ዝናሙ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። በገዳሪፍ የዓመቱ ልክ ወደ 600 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ወደ ተራራው ግርጌ ወደ መተማ ሲቀርቡ ደግሞ ይበልጣል። የጣራ ውኃን ልክ ማስላት ቀላል ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር ዝናም በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሊትር ውኃ ይሰጣል። የቅጥያው ጣራ 28 ካሬ ሜትር ቢሆንና በአንድ ማታ 30 ሚሊ ሜትር ዝናም ቢጥል 840 ሊትር ውኃ ይወርዳል። ይህ ሁሉ በግድግዳው ሥር ሲፈስ መሠረቱን የሚያሳብጠው ባለቤቱ ራሱ የሰበሰበው ውኃ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ የቅጥያው ጣራ ከዋናው ቤት ክፈፍ ዝቅ ብሎ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ይደረግ፤ ሁለት ጣራዎች ወደ መካከል የሚያፈሱበት ሸለቆ ፈጽሞ አይሠራ። አሸንዳው በመጀመሪያው የወጪ መዝገብ ውስጥ ይግባ እንጂ «ወደ ፊት ይደረጋል» ተብሎ አይተው። ውኃው በአሸንዳ ወርዶ በበርሜል ወይም በታንከር ቢጠራቀም ለማጠቢያና ለጭቃ ሥራ ያገለግላል፤ የተረፈውም በተደለደለ ቦይ ከግድግዳው እንዲርቅ ይሁን። ቦዩ ግን ወደ ጐረቤት ግቢ እንዳይዞር ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የጣራ ውኃ ያጣላቸውን ጐረቤታሞች ሽማግሌ በቶሎ አያስታርቅምና።

ሰው ሲጨምር መጸዳጃውም ይሞላል። ለአምስት ሰዎች የተቈፈረ ጕድጓድ ዐሥር ሰው ሲጠቀምበት ዕድሜው በግማሽ ያጥራል። አዲስ ጕድጓድ የሚቈፈር ከሆነ ከውኃ ጕድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ፥ የታችኛውም ወለሉ ከከርሠ ምድር ውኃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። በጥቁር አፈር የጕድጓዱ አፍ በክረምት ስለሚናድ ላይኛው ክፍል በድንጋይ ወይም በብሎኬት መገንባት ይኖርበታል። ግቢው ጠባብ ሆኖ ይህ ርቀት የማይገኝ ከሆነ ከጐረቤት ጋር ተመካክሮ በኅብረት መሥራት ይሻላል። የመጸዳጃው ወጪ ከክፍሉ ወጪ ተለይቶ መታየት የለበትም፤ ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው።

4ኛ፤ ስለ ሙቀትና ስለ ጤና

ከደጋ የመጣ ሰው በቆላ ሲሠራ የደጋን ቤት መሥራት ይወዳል፤ መስኮቱ ትንሽ፥ ጣራውም ዝቅተኛ ይሆናል። ይህ ለብርድ አገር የተገባ ነው። በመተማና በገዳሪፍ ግን በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ እንዲህ ያለው ክፍል በቀን እንደ ምድጃ ይሆናል። የግድግዳው ቁመት ወደ 3 ሜትር ይድረስ፤ ሁለት መስኮቶች ትይዩ ሆነው ነፋስ እንዲያሳልፉ ይደረግ፤ ከቆርቆሮውም ሥር ኮርኒስ ወይም የሰሌን ምንጣፍ ይወጠር። በበሩ ፊት በሱዳን ራኩባ የሚባለው ዓይነት የዳስ ጥላ ቢሠራ በጥቂት ወጪ ትልቅ ዕረፍት ይሰጣል።

ሙቀቱ ሰውን ወደ ውጭ አውጥቶ ስለሚያስተኛ ከእርሱ ጋር የሚመጣውን በሽታ ማወቅ ያስፈልጋል። ወባ የታወቀች ናት። ከእርስዋ ሌላ በመተማ፥ በሑመራና በገዳሪፍ ካላዛር የሚባለው በሽታ አለ፤ ትኩሳቱ ይረዝማል፥ ሰውነትን ያከሳል፥ ጣፊያን ያሳብጣል፥ ሕክምና ካላገኘም ይገድላል። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ እጅግ ያነሰ ሲሆን የሚኖረውም በተሰነጠቀ ጥቁር አፈርና በግራር ዛፎች አካባቢ ነው። በዛፍ ሥር ማደር ለዚህ በሽታ እንደሚያጋልጥ ስለ ታወቀ፥ ቅጥያ ቤት መሥራት ራሱ የጤና ሥራ ነው። ነገር ግን ግድግዳው ስንጥቅ እንዳይኖረው ተመርጎ ይለሰን፤ በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት በገረጋንቲ ይሸፈን፤ መስኮቱ የደቀቀ ወንፊት ይኑረው፤ በአልጋውም ላይ አጐበር አይታጣ። ምስጥ እንዳይገባም እንጨቱ በቀጥታ በአፈር ውስጥ ከመተከል ይልቅ በድንጋይ መቆሚያ ላይ ቢያርፍ ይሻላል።

ማብሰያው ጢስ መውጫ ኖሮት ከመኝታው ይለይ። የሣር ጣራ ያለው ቅጥያ ግን ከዋናው ቤት ጋር ሊያያዝ አይገባውም፤ አንድ የእሳት ብልጭታ ሁለቱንም ቤት ይበላልና። ተያይዞ የሚሠራ ከሆነ ጣራው ቆርቆሮ ይሁን፤ ሣሩ ለብቻው ለቆመ ጎጆ ይቈይ።

5ኛ፤ ልክና ቁጥር

ዋጋ በየሳምንቱ ይለወጣል፤ ልክ ግን አይለወጥም። ስለዚህ መዝገቡ አስቀድሞ በብዛት፥ ቀጥሎ በዋጋ ይጻፍ። ለምሳሌ ያህል ውስጡ 4 ሜትር በ4 ሜትር፥ የግድግዳው ቁመት 3 ሜትር የሆነ የብሎኬት ክፍል እንውሰድ።

የመሠረቱ ቦይ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር፥ ጥልቀቱ 1.2 ሜትር ቢሆን 12 ሜትር ኩብ ያህል አፈር ይወጣል፤ የተቈፈረ አፈር ስለሚነፋ ለማጓጓዝ ከ15 ሜትር ኩብ በላይ ይታሰባል። አራቱ ግድግዳዎች 48 ካሬ ሜትር ናቸው፤ ከዚህ ላይ በሩና ሁለቱ መስኮቶች ወደ 4 ካሬ ሜትር ሲቀነሱ 44 ይቀራል። 40 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብሎኬት ለ1 ካሬ ሜትር 12 ከግማሽ ስለሚገባ 550 ያስፈልጋል፤ ለሚሰበረው ሲጨመር 580 ይሆናል። ለወለሉ 25 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ቢነጠፍ 4 ሜትር ኩብ፥ በላዩም 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ቢፈስ 1.6 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ለዚህ ኮንክሪት 50 ኪሎ የሚመዝን ሲሚንቶ 10 ወይም 11 ከረጢት ይበቃል። ጣራው ከሚተርፈው ክፈፍ ጋር 28 ካሬ ሜትር ሲሆን ለተዳፋቱና ለድርብርቡ ተጨምሮ 32 ካሬ ሜትር ያህል ቆርቆሮ ይገዛል። ቆርቆሮ ሲገዛ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ውፍረቱ እንደሚሳሳ ማስታወስ ይገባል፤ 35 ቁጥር ከ32 ቁጥር የሳሳ ነው።

ከነዚህ በኋላ አሸዋ፥ ለግንቡና ለልስኑ የሚሆን ሲሚንቶ፥ ፌሮ፥ የጣራ እንጨት፥ ምስማር፥ በርና መስኮት፥ አሸንዳ፥ የመጸዳጃው ሥራ፥ የግንበኛና የአናጢ ዋጋ፥ የመኪና ኪራይና የፈቃድ ክፍያ በተራ ይጻፋሉ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ከሦስት ነጋዴዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ዋጋ ተጠይቆ መካከለኛው ይያዝ። ከጠቅላላው ድምር ላይ ከመቶ 10 እጅ ላልታሰበ ነገር ይጨመር፤ አፈሩ ጥልቅ ዋልካ ከሆነ 15 እጅ ቢሆን ይመረጣል።

6ኛ፤ ስለ ገንዘቡና ስለ ጊዜው

በዚህ አካባቢ የሰሊጥ ገንዘብ ከጥቅምትና ከኅዳር፥ የማሽላው ገንዘብ ደግሞ ከታኅሣሥና ከጥር ጀምሮ ወደ ቤት ይገባል። ከጥር እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ የሥራ ወቅት ነው። ሰኔ ከገባ በኋላ ከአስፋልቱ ወጣ ያለው መንገድ ጭቃ ስለሚሆን አሸዋና ድንጋይ የጫነ መኪና አያልፍም፤ የጭነቱም ዋጋ ይወደዳል። ስለዚህ ሥራው በአራት ደረጃ ተከፍሎ እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ገንዘብ ይመደብለት።

አንደኛው ደረጃ መሠረቱ ነው። ከመሬት በላይ ወጥቶ፥ ውስጡ ተሞልቶና ዙሪያው ተደልድሎ ያለቀ መሠረት አንድ ክረምት ሳይጐዳ ሊያሳልፍ ይችላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ደረጃ ግድግዳውና ጣራው ናቸው፤ እነዚህ ሁለቱ አይነጣጠሉም። ጣራ የሌለው ግድግዳ የክረምት መብል ነው፤ ጭቃ ከሆነ ይፈርሳል፥ ብሎኬት ቢሆንም ውኃው በውስጡ ወደ መሠረቱ ይወርዳል። አራተኛው ደረጃ ልስኑ፥ ሊሾውና ቀለሙ ነው፤ ይህ እንግዳው ከገባ በኋላም በየጥቂቱ ሊፈጸም ይችላል። በመጋቢት መጨረሻ የጣራው ገንዘብ ያልተሟላለት ሰው በመሠረቱ ላይ ቆሞ እስከ ሚቀጥለው ጥር ቢታገሥ፥ ለዚያም ክረምት ቀላል ዳስ ቢሠራ፥ ከብድርና ከጸጸት ይድናል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው፥ እቁብ የታወቀ መንገድ ነው፤ በሱዳን ያሉ ጐረቤቶቻችንም ሰንዱቅ በሚሉት ማኅበር እንዲሁ ያደርጋሉ። ዕጣው በሰኔ ወይም በሐምሌ የሚወጣለት ሰው ግን በዚያ ገንዘብ ክረምት ላይ ሥራ እንዳይጀምር፥ በጥር ከሚደርሰው ማኅበርተኛ ጋር አስቀድሞ ተራ ይለዋወጥ። ለቁፋሮ፥ ለድንጋይ ማመላለስና ለምርጊት ደቦ መጥራት ይቻላል፤ በገዳሪፍ ነፊር የሚባለው ይኸው ነው። የደቦው ምግብና ቡና ወጪ መሆኑ ግን አይዘንጋ፥ በመዝገቡም ይግባ። የግንቡና የማሠሪያው ሥራ ለሠለጠነ ሰው ይተው።

በአገዛዙም ቅደም ተከተል አለ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት የገላባት በር ለጥቂት ሳምንታት ተዘግቶ እንደ ነበረ፥ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ዋጋ እንደ ተለወጠ ሁሉም ያስታውሳል። የሱዳን ፓውንድም በጦርነቱ ምክንያት ብዙ ወድቋል። ስለዚህ የማይበላሸው ዕቃ፥ ማለት ድንጋይ፥ አሸዋ፥ ቆርቆሮና ፌሮ ገንዘብ በተገኘ ጊዜ አስቀድሞ ይገዛ። ሲሚንቶ ግን ርጥበት ስለሚያጠነክረውና ከጥቂት ወራት በኋላ ኃይሉ ስለሚደክም በመጨረሻ፥ በሚሠራበት ሳምንት ይገዛ፤ ሲቀመጥም ከወለል ከፍ ባለ እንጨት ላይ ይሁን።

ለሠራተኛ የሚሰጠው ቀብድ መሣሪያና ጥቂት ዕቃ ከሚገዛበት አይብለጥ። ቀሪው ሥራው እየተለካ፥ በእያንዳንዱ ደረጃ ፍጻሜ ይከፈል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የክፍሉ ልክ፥ የመሠረቱ ጥልቀት፥ የሲሚንቶው ድርሻ፥ የሚፈጸምበት ቀንና የሁለት ምስክሮች ስም ይጻፍበት። ዘመድ ለዘመድ ሲሠራም ውል አይቅር፤ ውል ፍቅርን አያጠፋም፥ ክርክርን እንጂ።

7ኛ፤ ስለ ፈቃድና ስለ መብት

በኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት ፈቃድ እንዲወጣ፥ በነባር ሕንፃ ላይ የሚደረግ ለውጥም እንዲሁ በፈቃድ እንዲሆን ደንግጓል። ስለዚህ ባለቤቱ የይዞታ ማስረጃውንና ቀላል ንድፉን ይዞ ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤት በታኅሣሥ ቢቀርብ ፈቃዱ ለሥራው ወቅት ይደርስለታል። ያለ ፈቃድ የተሠራ ክፍል በሽያጭ፥ በውርስና በካሳ ጊዜ እንዳልነበረ ሊቈጠር ይችላል።

በገዳሪፍ በኪራይ ቤት የሚኖር ወገናችን ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሰው መሬት ላይ የሚሠራ ክፍል፥ የመሬቱ ባለቤት በጽሑፍ ካልፈቀደና ወጪው በኪራይ እንደሚታሰብ ካልተስማማ፥ በመጨረሻ ለባለ መሬቱ የተሰጠ ስጦታ ይሆናል። እንዲህ ያለ ስምምነት ያላገኘ ሰው ተነቅሎ የሚሄድ የእንጨትና የቆርቆሮ ክፍል ቢሠራ ገንዘቡን ያድናል።

ቅጥያውን ለማከራየት የሚያስብ ሰው በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ይወቅ። አዋጁ ተግባራዊ በተደረገባቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ በቅድሚያ የሚቀበሉትንም ኪራይ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይወስናል። ስለዚህ «የአንድ ዓመት ኪራይ አስቀድሜ ተቀብዬ ጣራውን እሠራለሁ» የሚለው አሳብ በመዝገብ ሊገባ አይገባውም።

8ኛ፤ ለሹማምንቱ የሚቀርብ አሳሰባ

የቅጥያ ቤት ጉዳይ የግል ሰው ጉዳይ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። አንድ ቤተ ሰብ እንግዳን በቤቱ ሲያስጠጋ ከመንግሥትና ከርዳታ ድርጅቶች ትከሻ ላይ አንድ ድንኳን ያነሣል። ስለዚህ የከተማና የቀበሌ ሹማምንት በበኩላቸው ሦስት ነገሮችን ቢያደርጉ ታላቅ እርዳታ ይሆናል። መጀመሪያ፥ ለጥቁር አፈር የሚስማማ የአንድ ክፍል ምሳሌ ንድፍ በአንድ ገጽ አዘጋጅቶ በነፃ ማደል። ሁለተኛ፥ የፈቃዱን ሥራ ከጥር በፊት መፈጸም፤ በግንቦት የተሰጠ ፈቃድ ሰውን በዝናም ውስጥ እንዲሠራ ያስገድደዋልና። ሦስተኛ፥ የክረምት ጐርፍ የሚያልፍባቸውን መስመሮች በምልክት ማሳየት፥ በዚያም ላይ ሰው ገንዘቡን ሳያፈስስ አስቀድሞ መከልከል ነው። መሠረት ሲጣል ዝም ብሎ ጣራ ሲመታ «አፍርስ» ማለት ሕዝብን ያስቀይማል።

በመጨረሻም፥ ቤት የሚሠራው ለአንድ ቀን ደስታ እንዳልሆነ እናስታውስ። በእርሳስና በወረቀት አንድ ሳምንት የፈጀ ባለቤት በሥራው ወቅት ወራትን ያተርፋል፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ። አፈሩን የመረመረ፥ ውኃውን ያራቀ፥ የጣራውን ገንዘብ አስቀድሞ የያዘና ውሉን የጻፈ ሰው፥ የሰኔ ነጐድጓድ ሲሰማ ለእንግዳው ልጆች አይሰጋም። በዚያን ጊዜ ጐረቤት «ቤት ለእምቦሳ» ብሎ ሲገባ፥ ባለቤቱም እንግዳውም በአንድ ቃል «እምቦሳ እሰሩ» ብለው ይመልሳሉ።